የጠሪው እንጨት

ኡ ፖ ትዌ ሞተው የተገኙት በገዛ ጀልባቸው ውስጥ፣ መረባቸው ትከሻቸው ላይ እንደተደረበ ነው። ጀልባዋ ከታማጎን መንደር ፊት ለፊት፣ ወንዙ መሃል ካለው ነጭ አሸዋ ላይ አፍንጫዋን ተክላ ቆማለች። ሽማግሌው ደክሟቸው ጋደም ያሉ ይመስላሉ። ጭጋጉ ከኢራዋዲ ወንዝ ላይ ሲነሳ መጀመሪያ ያያቸው የልጃቸው ባል ኮ ሊን ነበር። «አባ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራቸው። ሦስተኛ አልጠራም።

መርማሪዋ ከወረዳው ከተማ እስክትደርስ ረፋድ ሆነ። ዶ ምያ ኬ ትባላለች። ወደ ሃምሳ የተጠጋች፣ አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። የሱፍ ፍሬ በጥርሷ እየፈለጠች ገለባውን መሃረቧ ላይ ታጠራቅማለች እንጂ ሰው ደጅ አትተፋም። ብዙ አትናገርም። ሰው ሲያወራት እጁን ታያለች።

የመንደሩ ሹም ኡ ባው ጀልባ በሚቆምበት የእንጨት ርብራብ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጎብኚዎች ከሚያርፉበት ዳስ ምሰሶ ላይ ኮ ሊን በመረብ ገመድ ታስሯል። አጠገቡ ሚስቱ ማ ኢ የሰባት ወር ሆዷን አቅፋ ተቀምጣ፣ ውሃ በኩባያ ታጠጣዋለች።

«ማን አሰረው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ። ሕዝቡ እንዳይቀጠቅጠው ብዬ ነው» አለ ኡ ባው። «ነገሩ ያለቀ ነው እቴ። ይሄ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ መንደር ባትሪና ሽቦ ይዞ፣ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየለቀቀ ዓሣ ሲፈጅ ተይዞ የታሰረ ነው። አመሉ አለቀቀውም። ሽማግሌው ያዙት፣ ገደላቸው። ከሰዓት በኋላ በሚሄደው ጀልባ ይዘሽልን ሂጂ።»

«ባትሪው የታለ?»

«ወንዝ ውስጥ ነዋ።»

«ወንዙ ስንቱን ይያዝልህ?» አለችና ወደ ሬሳው ሄደች።

በታማጎን ባትሪ ማለት መርዝ ማለት ነው። መንደሩ የቆመው በዶልፊኖቹ ነው። ጠሪ የሚባሉት ዓሣ አጥማጆች የጀልባቸውን ጎን በትንሽ እንጨት ያንኳኳሉ፤ ዶልፊኖቹ ይመጣሉ፤ ዓሣውን ከበው ወደ ጀልባው ይነዱታል፤ ከዚያ አንዷ ጅራቷን ከውሃ አውጥታ «አሁን ወርውር» ትላለች። መረቡ ሲወድቅ ሰውም ዶልፊንም ይበላል። ይህንን ለማየት እንግዶች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ድሮ ጠሪዎቹ አስራ አንድ ነበሩ። የቀሩት ኡ ፖ ትዌና ጓደኛቸው ኡ ቻን ታ ብቻ ነበሩ። አሁን ኡ ፖ ትዌ ሞቱ።

ማ ኢ በአንድ ጧት አባቷን አጥታለች። የከሰዓቱ ጀልባ ባሏን ጭኖ ከሄደ ልጇን ብቻዋን ትወልዳለች፤ ልጁም ራሱ አባት እስኪሆን ድረስ አባቱን ከእስር ቤት ውጭ ላያየው ይችላል። ይህንን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ ገመዱን ላላ ያደረገለት ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች ጀልባዋ ውስጥ ተንበረከከች። መረቡን በሁለት ጣቷ አነሳችው። ደረቅ ነው። የሽማግሌውን ሽርጥ ከጀርባቸው በኩል ዳበሰችው። ገና እርጥብ ነው። እጃቸውን ገልብጣ መዳፋቸውን አየች፤ በሁለቱም ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቡናማ ቃጠሎ አለ። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ጭቃ ገብቷል። ቀና ብላ ዙሪያዋን ስታይ አሸዋው እንደ ጨው ነጭ ነው። አንድ ጣሳ ጥቁር ጭቃ የሚወጣው ቦታ አይደለም።

ከዚያ ጀልባዋን ከጫፍ ጫፍ ፈተሸቻት። መቅዘፊያው አለ። የመጠጥ ውሃው አለ። የሚታኘክ ቅጠላቸው በቆርቆሮው ውስጥ አለ።

ማ ኢን ለብቻዋ ከኒሙ ዛፍ ሥር አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«የአባትሽ የጥሪ እንጨት የት ነው ልጄ?»

ማ ኢ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። አሁን እንባዋ መጣ። «ጀልባው ላይ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ለቆላቸዋል።» ቀጥላም አባቷ የአጎቷን እንጨት ሲለቁ ልጅ ሆና እንዳየች ነገረቻት። ጠሪ ሲሞት፣ ፀሐይ ሳትነካው እንጨቱ ለወንዙ ይሰጣል። የሚለቀው ሌላ ጠሪ ነው፤ እሱም ጠሪው በሞተበት ውሃ ላይ። ካልተለቀቀ ዶልፊኗ ጠሪዋ ገና የሚጠራት እየመሰላት ሳትበላ ትጠብቃለች ይባላል። ምስጢር ነው፣ ለሌላ ሰው አይነገርም፤ አዲስ ጠሪ እንጨቱን በሚቀበልበት ቀን ነው የሚማረው።

«ባልሽ ያውቃል?»

«ሊን ገና ይማራል። አባዬ እንጨት እየጠረበለት ነበር፣ አልጨረሰውም። እዚህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጠሪ ሞቶ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። የአባዬ ምስጢር ነዋ።»

ኮ ሊን ግን የነገራት ሌላ ነው። ሽማግሌው ገና ጨለማ ሳለ ከምኝታቸው ተነስተው እንደወጡ፣ እሱ ሲነጋ ሊፈልጋቸው እንደሄደ፣ መጀመሪያ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጥልቅ ውሃ እንደቀዘፈ ተናገረ። ጥልቁ የዶልፊኖቹ ቤት ነው፤ እዚያ መረብ መጣል ክልክል ነው።

«ምን አየህ እዚያ?»

«ባለጠባሳዋን። የአባን ዶልፊን። ብቻዋን ትዞራለች። ግልገሏ አብራት የለችም። ከዚያ ወደ አሸዋው ወረድኩ። እጃቸውን ስይዘው እንጨት ሆኗል። እኔ አልገደልኳቸውም እትዬ። ሰው ሁሉ ሲጸየፈኝ ልጃቸውን የሰጡኝ ሰው ናቸው።»

መርማሪዋ የሱፍ ፍሬ ከኪሷ አውጥታ በታሰሩት እጆቹ ላይ ጥቂት አስቀመጠችለት።

ኡ ቻን ታን ደጃቸው ላይ የተቀደደ መረብ ታቅፈው አገኘቻቸው። መርፌው በእጃቸው ነው፤ ቀዳዳው ግን እንዳለ ነው። ከሟቹ ጋር አርባ ዓመት ጎን ለጎን ቀዝፈዋል። የእሳቸው ዶልፊን አምና ሞታለች፤ ከዚያ ወዲህ ቢያንኳኩም የሚመጣላቸው የለም። እንግዶች ሲመጡ ኡ ፖ ትዌ ወንዝ ላይ ይጠራሉ፣ ኡ ቻን ታ ደግሞ ለምሳ የሚሆነውን ዓሣ ያቀርባሉ፤ የዳሱንም መብራት የሚንከባከቡት እሳቸው ናቸው።

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው አጎቴ?»

«ዛሬ ጧት ሰማሁት እንጂ አላየሁትም» አሉ። «መነኮሳቱ ለምጽዋት ሲያልፉ ደጄ ላይ ሩዝ እየሰጠሁ ነበር። ኡ ባውም አጠገቤ ነበር። እንደ ልማዱ ያንኳኳል። ያቺን ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሊን ደግሞ ያኔ ወንዙ ላይ ነበር። እኔ ክፉ መናገር አልወድም፤ አንቺ ግን መርማሪ ነሽ።»

ኡ ባውም ተጠይቆ ሰምቻለሁ አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንዴት እርግጠኛ አልሆን? አርባ ዓመት ሙሉ በየጧቱ የምሰማው ነገር!»

ወደ ወጥ ቤት ገባች። የእንግዶቹ ምግብ አብሳይ ዶ ኦን ሰፊ ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም። ሽማግሌውን አልቅሳ ሳትጨርስ ሽንኩርት መክተፍ ጀምራለች፣ ነገ እንግዶች አሉና። መርማሪዋ ጉልበቷን አሳርፋ ተቀመጠችና ስለ ዓሣው ጠየቀቻት። ዶ ኦን የልቧን የምታወራለት ሰው ያገኘች መሰላት።

«አትጠይቂኝ! ከወር ወዲህ ድስት ውስጥ ሲገባ ገንፎ ነው የሚሆነው። ስሰነጥቀው የጀርባ አጥንቱ እንደ ክብሪት ተሰብሯል፣ ዳርዳሩን ደም ቋጥሯል። ለኡ ቻን ታ ‹ዓሣውን በዱላ ነው እንዴ የሚያጠምዱት?› ብላቸው ሳቁብኝ።»

«አጥንቱ አለ?»

ከቆሻሻ ቅርጫቱ ሦስት አከርካሪ አወጣችላት። መርማሪዋ ለብርሃን አስጠግታ አየቻቸውና በመሃረቧ ጠቀለለቻቸው። ወዲያው ከምድጃው አጠገብ፣ ከጭልፋዎቹ መሃል፣ ጫፉ የለሰለሰ ትንሽ እንጨት አየች።

«ይሄስ?»

ዶ ኦን እጇን በሽርጧ ጠራረገች። «የኡ ፖ ትዌ ነው። ጧት ለሩዝ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ከማጠቢያው ርብራብ ሥር ተሰክቶ አገኘሁት። ጥለውት ነው ብዬ ሲመጡ ልሰጣቸው አስቀመጥኩት።» ድምጿ ወረደ። «ሲመጡ...»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«የገዳሙ የእንጨት ደወል ሲመታ። ገና ድንግዝግዝ ነው፣ መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ናቸው። ምነው? ባልነካው ይሻል ነበር?»

«ነክተሽ ጥሩ አደረግሽ። ስለሱ ለማንም አትንገሪ። ይችላል አፍሽ?»

«እስከ ምሳ ድረስ» አለች ዶ ኦን በሐቅ።

ምሳ ሳይደርስ መርማሪዋ ሁለት የኮኮናት ቅርፊት ይዛ፣ ቀዛፊ አስከትላ ወንዝ ወረደች። አንዱን ከነጩ አሸዋ አጠገብ ጣለችው፤ ውሃው አሽከርክሮ ወደ ማዶ ዳርቻ ወሰደው። ሁለተኛውን ከጥልቁ ውሃ ላይ ጣለችው። ይሄኛው የወዲህኛውን ዳር ይዞ ቀስ እያለ ወረደና ከማጠቢያው ርብራብ ሥር ገብቶ ቆመ። ኡ ባው ከዳር ሆኖ፣ መንግሥት ጀልባ ከፍሎ የላካት በኮኮናት ልትጫወት ነው እንዴ ብሎ አሾፈ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። ኡ ቻን ታ ግን አልሳቁም። ቅርፊቱን ሲያዩ የያዙት የሚታኘክ ቅጠል ከእጃቸው ወደቀ።

መርማሪዋ ከጥልቁ ስትመለስ ባለጠባሳዋ ከጀልባዋ ጎን አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ተነፈሰች። ክብ ራሷን አዙራ ወደ ቀዛፊው አየችና ሰመጠች። የምትፈልገው ሰው እንዳልሆነ ገብቷታል።

ከሰዓት በኋላው ጀልባ ሞተሩን ሲያሞቅ ሁሉም ዳሱ ሥር ተሰበሰቡ። ኮ ሊን ምሰሶው ላይ፣ ማ ኢ እግሩ ሥር፣ ኡ ባው ወንበር ላይ፣ ዶ ኦን ከነጭልፋዋ፣ ኡ ቻን ታ ከሁሉም ኋላ። መርማሪዋ መሃረቧን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ የተሳሳትኩ ካለ ያርመኝ» አለች። «ኡ ፖ ትዌ ትከሻቸው ላይ መረብ ነበር። መረቡ ደረቅ፣ ልብሳቸው እርጥብ። ስለዚህ ዓሣ እያጠመዱ አልሞቱም፤ ውሃ ውስጥ ገብተው ነው የሞቱት። መረቡን ሌላ ሰው ነው ያለበሳቸው። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ጭቃ አለ። አሸዋው ነጭ ነው። ጥቁር ጭቃ የት ነው ያለው?»

«ጥልቁ ጋ» አለ ኡ ባው ሳያስበው።

«ጥልቁ ጋ። መዳፋቸውን የሽቦ ቃጠሎ አግኝቶታል። በኤሌክትሪክ ሞተዋል፣ ከዚያ በራሳቸው ጀልባ ተጎትተው አሸዋው ላይ ተተዉ።»

ኡ ባው ወደ ኮ ሊን ጠቆመ። «ታዲያ ያልኩሽን ነው የምትይው።»

«ቆይ። እነዚህ አጥንቶች ለእንግዶች ምሳ ከቀረበ ዓሣ የወጡ ናቸው። ዓሣን እንዲህ የሚሰብረው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ዶ ኦን፣ ይህን ዓሣ ኮ ሊን አምጥቶልሽ ያውቃል?»

ዶ ኦን ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ዓይኗ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ዞረ።

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁልፍ ካለው ሳጥን የዳሱን መብራት ባትሪ ጎትታ አወጣች። በሽቦ ማሰሪያዎቹ መሃል ጥቁር ጭቃ ደርቋል። «ባትሪው የታለ ብዬ ጧት ጠይቄ ነበር። ወንዝ ውስጥ አይደለም፣ አጠገቡ ተቀምጠናል። የሳጥኑ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሹሙ፣ ዶ ኦንና ኡ ቻን ታ። ኮ ሊን የለውም። ያለፈ ታሪኩን አውቀን ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቁልፍ አንሰጥም ብላችሁ የከለከላችሁት እናንተው ናችሁ።»

ኡ ባው ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ዳበሰ።

«የቀረው ይህ ነው» ብላ የጥሪ እንጨቱን ከኪሷ አውጥታ አስቀመጠችው። ማ ኢ አፏን በእጇ ያዘች። «ይህ እንጨት የተገኘው በማጠቢያው ርብራብ ሥር ነው። ከአሸዋው ቢለቀቅ ወደ ማዶ ይሄድ ነበር። እዚህ የመጣው ከጥልቁ ስለተለቀቀ ነው፣ ኮኮናቱን አይታችኋል። ሟቹ በሞቱበት ውሃ ላይ፣ ጨለማ ሳለ። ይህን ወግ የሚያውቅ ጠሪ ብቻ ነው። ኮ ሊን አልተነገረውም። ሹሙም አያውቅም፣ ዶ ኦንም ከጭልፋ ጋር ነው ያስቀመጠችው። በሕይወት ያለ ጠሪ ደግሞ አንድ ነው።»

ማንም ወደ ኋላ አልዞረም።

«ዶ ኦን እንጨቱን ያገኘችው ደወል ሲመታ ነው። መነኮሳቱ ለምጽዋት የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ኡ ባው፣ መነኮሳቱ ሲያልፉ የሰማኸው በየትኛው እንጨት ሲንኳኳ ነው?»

ሹሙ ወደ ኡ ቻን ታ ዞረ። «እሳቸው ‹ስማ፣ ፖ ትዌ ያንኳኳል› አሉኝ» አለ። «እኔ... በየቀኑ ስለምሰማው የሰማሁ መሰለኝ። ዛሬም የሰማሁ ይመስለኛል።»

«ኮ ሊን ሲያገኛቸው ሬሳው እንደ እንጨት ገትሮ ነበር። በዚያ አጭር ጊዜ ሬሳ እንዲህ አይገትርም።» ወደ ኡ ቻን ታ ዞረች፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። «አጎቴ፣ ሌላውን ሁሉ ደብቀው ነበር። እንጨቱን ግን ይዘው መቅረት አልቻሉም።»

ኡ ቻን ታ የቆሙበት ተቀመጡ። የሚናገሩት ለመርማሪዋ ሳይሆን ለማ ኢ ነበር።

«መረቤ ባዶ ሆነ ልጄ። ባትሪውን ከመንካቴ በፊት አንድ ወር ሙሉ። እንግዶቹ ዓሣ ሲጠብቁ ‹ዶልፊን አይመጣልኝም› ልበል? አባትሽ ጅራት ሲወዛወዝለት እኔ ሽንኩርት ልላጥ? ለጥቂት ቀን ብዬ ነው። ጥልቁ ውስጥ ዓሣ አለ። ዶልፊኖቹ በዚያ ሰዓት ታች ይወርዳሉ ብዬ ነበር። ግልገሏ በሽቦዎቹ መሃል ብቅ አለች። አባትሽ ተከትሎኝ ኖሯል። ‹ቻን ታ፣ አጥፋው› አለኝ። ሳላጠፋው ዘለለ። ሊያወጣት ነው የዘለለው። ሽቦውን በእጁ ያዘ።»

«ግልገሏስ?» አለ ኮ ሊን።

«ከጥልቁ በላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበርኳት።»

መርማሪዋ ቀጥሎ የምትጠይቀውን ባትጠይቅ ደስ ይላት ነበር። «ከውሃው ሲያወጧቸው ይተነፍሱ ነበር?»

ማ ኢ ከመሬት ተነስታ ከኡ ቻን ታ ፊት ቆመች።

«ንገረኝ አጎቴ።»

«ሁለት ጊዜ» አሉ። «ብጮህ ሰው ይመጣል፣ ባትሪውን ያያል ብዬ... ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ተወ።»

ማ ኢ አልመታቻቸውም። ዞራ ወደ ባሏ ሄደችና ቋጠሮውን በጥርሷ መፍታት ጀመረች። ኡ ባው ሊያግዛት ሲጎነበስ እጁን ገፋችው። «እኔ እፈታዋለሁ» አለች። ገመዱ እርጥብ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ።

ኡ ቻን ታን ወደ ጀልባው ሲወስዷቸው ከወገባቸው የራሳቸውን የጥሪ እንጨት አወጡ። ከእንግዲህ እኔም የሞትኩ ነኝ፣ እዚሁ ልልቀቀው ብለው ለመኑ። መርማሪዋ እንጨቱን ከእጃቸው ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እርስዎ አልሞቱም» አለቻቸው።

የኡ ፖ ትዌን እንጨት ግን ፎቶ አንስታ ለማ ኢ መለሰችላት። ጀልባው ርብራቡን ሲለቅ፣ ገለባ የሞላ መሃረቧን እንደጨበጠች፣ ወደ መንደሩ ሳይሆን ወደ ውሃው ታይ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ማ ኢና ኮ ሊን ወደ ጥልቁ ቀዘፉ። ማ ኢ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጉን ለባሏ ነገረችው፤ የሚነግረው ሌላ ሰው አልቀረማ። እንጨቱን የለቀቀው እሱ ነው። ከትንሽ ርቀት ባለጠባሳዋ ብቅ ብላ ተነፈሰች፤ እንጨቱን ተከትላ እስከ መታጠፊያው ወረደች። ኮ ሊን ተጠርቦ ያላለቀ እንጨቱን ከጉያው አውጥቶ የጀልባውን ጎን ሊያንኳኳ ፈለገ። ማ ኢ እጁን ያዘችው። «ዛሬ አይደለም» አለችው።

መነኮሳቱ ለምጽዋት ሲያልፉ ኡ ባው ደጁ ላይ ሩዝ ይዞ ቆሟል። ማንኪያው በአየር ላይ እንዳለ ጆሮውን ወደ ወንዙ ሰጠ። ከፊቱ የቆመው መነኩሴ ሳህኑን ዘርግቶ ጠበቀው። ወንዙ ላይ ማንም አያንኳኳም ነበር።